ምጥና ጦርነት ሲገጣጠሙ፦ በምትክ እናት ለሚወለድ ልጅ የቱ መንገድ ይሻላል?

በመጋቢት 2022 ኪየቭ ውስጥ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሃያ ገደማ አራስ ሕፃናት በትንንሽ አልጋ ተደርድረው ነበር። ከላይ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ ከታች ሞግዚቶች ወተት ይበጠብጣሉ፣ ዳይፐር ይቀይራሉ። ልጆቹ አልታመሙም። ወላጆቻቸውም አልሞቱም፤ በየአገራቸው ስልክ ይዘው ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። የወለዷቸው ሴቶች ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው ወደየልጆቻቸው ተመልሰዋል። የጠፋው አንድ ነገር ነው፦ ሕጉ "ይህን ልጅ ይዘህ ድንበር ተሻገር" የሚለው ሰው።

እኔ ሰነድ ተርጓሚ ነኝ። የልደት የምስክር ወረቀት ሲመጣልኝ "የእናት ስም" የሚለውን መስመር ሳላስብ ነው የማልፈው። በሰሮጌሲ፣ ማለትም ሌላ ሴት አርግዛና ወልዳ ለባልና ሚስት በምትሰጥበት መንገድ፣ የተወለደ ልጅ ወረቀት ላይ ግን እጄ ይቆማል። ያንን መስመር ዩክሬን በአንድ ሴት ስም ትሞላዋለች፣ ፖላንድ በሌላ ሴት፣ ጀርመን ደግሞ ወረቀቱን አይታ "ይህ አይሠራም" ትላለች። በሰላም ጊዜ ይህ የጠበቃና የገንዘብ ጣጣ ነው። በጦርነት ጊዜ ልጁ ከየትኛው የድንበር ወገን እንደሚያድር የሚወስነው እሱ ነው።

ይህን የምጽፈው በውጭ አገር ለሚኖሩ፣ በዚህ መንገድ ልጅ ለማግኘት ለሚያስቡ ወይም ጀምረውት ጦርነት ለደረሰባቸው ባልና ሚስት ነው። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ቃሉም አንድ ነገር፦ ሰው "ማህፀን ማከራየት" ይላል። አባባሉ ሴትዮዋን ሰርቪስ ቤት ስለሚያስመስላት አልወደውም፤ እዚህ "ምትክ እናት" እላታለሁ። ልጁን የሚፈልጉትን ደግሞ "ፈላጊዎቹ" እላቸዋለሁ፤ ወላጅ መባላቸው ገና የሚያከራክር ነውና።

የጦርነት ሕግ ምን ይሰጣል?

ከሚገመተው በላይ ይሰጣል፤ ከሚፈለገው ግን ያንሳል። የ1949ኙ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት እርጉዝ ሴቶች ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው ያዛል፤ ከተከበበ ከተማ ወላድና ሕፃናት የሚወጡበት መንገድ እንዲመቻችም ይጠይቃል። በ1977 የወጣው አንደኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል አራስ ሕፃንንና ወላድን ከቁስለኛና ከሕመምተኛ እኩል ይቆጥራቸዋል፤ ማዋለጃ ክፍል ላይ ማነጣጠር የሚከለከለውም በዚሁ መንፈስ ነው። ለዚህ ሁሉ ልጁ እንዴት ተፀነሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በሰሮጌሲ ተወለደ፣ በሌላ መንገድ ተወለደ፣ ሕፃን ሕፃን ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሕጉ ልጁን ከነቤተሰቡ ለመጠበቅ ሲሞክር ነው። የአራተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 24 ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንገት ሰሌዳ ወይም በሌላ መንገድ ማንነታቸው እንዲታወቅ ይላል። አንቀጽ 50 አንድን አካባቢ በኃይል የያዘ መንግሥት የልጆችን ማንነትና የወላጆቻቸውን ምዝገባ እንዲያመቻች፣ የልጁን የግል ሁኔታ ግን እንዳይለውጥ ያስገድዳል። የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 78 ደግሞ የራሱ ዜጋ ያልሆነን ልጅ ወደ ውጭ አገር የሚያወጣ መንግሥት የወላጅን ወይም የሕጋዊ ሞግዚትን የጽሑፍ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል፤ ለእያንዳንዱ ልጅም ፎቶግራፍ ያለው ካርድ ተሞልቶ ለዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የፍለጋ ማዕከል ይላካል። ካርዱ ላይ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ እናትየው ከጋብቻ በፊት የነበራት ስም፣ ዜግነት ይጠየቃል።

አያችሁት? ጥበቃው በሙሉ "ወላጆቹ እነማን ናቸው" በሚል ጥያቄ ላይ ነው የቆመው። ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ ያለው ልጅ፣ መልስ እንደሌለው ልጅ የሚቆጠርበት ቀን አለ። ለዚህ የሚሆን የተለየ ዓለም አቀፍ ስምምነትም የለም። የዓለም አቀፍ የግል ሕግ የሄግ ጉባኤ ከ2015 ጀምሮ በባለሙያዎች ቡድን፣ ከ2023 ወዲህ ደግሞ በሥራ ቡድን እየመከረበት ነው፤ አስገዳጅ ስምምነት ግን አልወጣም። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ እንደተወለደ ወዲያው እንዲመዘገብ፣ ስምና ዜግነት እንዲኖረው ይላል። በማን ስም ሥር እንደሚመዘገብ ግን ለየአገሩ ተወው።

እርግዝናው ተጀምሮ ጦርነት ሲነሳ፦ ሦስት መንገዶች

የምናወዳድረው የዩክሬንን ነው፤ በዚህ ጉዳይ ዓለም የተማረው ከዚያ ስለሆነ።

የመጀመሪያው መንገድ ምትክ እናትየዋ እዚያው አገሯ እንድትወልድ ነው። ከወረቀት አንፃር ይህን የሚስተካከል የለም። የዩክሬን የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 123 ከባልና ሚስት የተፀነሰ ሽል ወደ ሌላ ሴት ማህፀን ከተዛወረ የልጁ ወላጆች ባልና ሚስቱ ናቸው ይላል፤ ከተወለደበት ደቂቃ ጀምሮ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ፣ ጉዲፈቻም ሳያስፈልግ። የሚጠየቀው የሆስፒታሉ የልደት ማስረጃ፣ ምትክ እናትየዋ በውልና ማስረጃ ፊት የሰጠችው የስምምነት ቃል፣ ከፈላጊዎቹ ቢያንስ አንዱ ከልጁ ጋር የሥጋ ዝምድና እንዳለው የሚያሳይ ማረጋገጫ ነው። ሕጉ ለተጋቡ ወንድና ሴት ብቻ ነው የሚሠራው፤ የምትክ እናትየዋን የራሷን እንቁላል መጠቀምም አይቻልም። ልደቱ በአንድ ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት።

ይህ ሁሉ የሚያምረው መዝገብ ቤቱ ክፍት ሲሆን ነው። ከየካቲት 24 ቀን 2022 ጀምሮ የዩክሬን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘግቷል። ብዙ ኤምባሲዎች ከኪየቭ ወጥተው ነበር። ወላጅ ለመሆን የበቃው ሰው ከቺካጎም ይምጣ ከደብሊን፣ ፖላንድ ድረስ በርሮ ከዚያ በባቡር ወይም በመኪና ነው የሚገባው። በዚያ ላይ ሴትዮዋ ሚሳይል በሚወርድበት ከተማ ምጥ ላይ ትሆናለች። ወረቀቱ የተሟላ፣ ቦታው አደገኛ።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ጎረቤት አገር አውጥቶ ማዋለድ ነው። ይህ የብዙ ፈላጊዎች የመጀመሪያ ሐሳብ ነበር፤ ሰውም ይፈርድበታል ብዬ አላስብም። የአውሮፓ ኅብረት በመጋቢት 2022 ለዩክሬናውያን ጊዜያዊ ከለላ ስለከፈተ ሴትዮዋ ፖላንድ ገብታ ሐኪም ማግኘት፣ መኖርም ትችላለች። ነገር ግን ድንበሩን ስትሻገር የሆዷ ልጅ እናት ትለወጣለች። የፖላንድ ሕግ "እናት የወለደችው ናት" ይላል፤ ባል ካላት ደግሞ የልጁ አባት እሱ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ሽሉ የናንተ፣ ውሉ የናንተ፣ ገንዘቡ የናንተ ሆኖ፣ ዋርሶ የተወለደው ልጅ በወረቀት የዩክሬናዊቷና የባሏ ነው። ባሏ ደግሞ በጦርነት ሕጉ ምክንያት ከ18 እስከ 60 ዓመት ካሉ ወንዶች አብዛኞቹ አገር እንዳይለቁ ስለተከለከሉ አብሯት የለም። አባትነቱን ለመካድ ወይም ለመፈረም የሚፈለገው ሰው ጦር ግንባር ሊሆን ይችላል። ይህን እንቅፋት እስኪያጋጥመው ድረስ ማንም አያስበውም።

ሦስተኛው መንገድ ሴትዮዋን ወደ ፈላጊዎቹ አገር ማምጣት ነው። አገሩ ለሰሮጌሲ መንገድ ያለው ከሆነ ጥሩ ነው። እንግሊዝ ለምሳሌ የወለደችውን ሴት የትም አገር ትውለድ ሕጋዊ እናት አድርጋ ትቆጥራታለች፤ ከዚያ በፍርድ ቤት "የወላጅነት ትዕዛዝ" ወላጅነቱን ወደ ፈላጊዎቹ ታዛውራለች። ስለዚህ እንግሊዝ ውስጥ ለሚኖሩ ባልና ሚስት ልጁ ኪየቭም ይወለድ እንግሊዝ ያለችው ሊድስ ከተማ፣ ፍርድ ቤት መቅረቡ አይቀርም፤ ሴትዮዋን ማምጣት የሚያጎድልባቸው ትንሽ ነው። ጀርመን ላሉት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕጉ ሰሮጌሲን አይፈቅድም፤ እናት የወለደችው ናት፤ ፍራንክፈርት ላይ ከወለደች የዩክሬኑን ወረቀት ዕድል ጭራሽ ዘግታችሁታል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። በአራተኛ መንገድ ብትሄዱ ይሻላል፦ አገሩን ሳይለቁ ቦታ መቀየር። በ2022 ብዙዎች ሴቶቹን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሊቪቭ አዛወሩ። ሊቪቭም ከሚሳይል ነፃ አልነበረችም፤ ግን ከፖላንድ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ፣ ሆስፒታሏና መዝገብ ቤቷ የሚሠራ፣ የዩክሬን ሕግ የሚጸናባት ከተማ ናት። የወረቀቱን ጥቅም ይዞ ከአደጋው መራቅ ማለት ይህ ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ መንገዱ ከተዘጋ ወይም ከተማው ከተከበበ፣ ሴትዮዋ ወደ ቀረባት ድንበር ትውጣ። ወረቀቱ ፖላንድ ላይ ይበላሽ። ፍርድ ቤት በዓመትም በሁለት ዓመትም ያስተካክለዋል፤ እሷንም ልጁንም ፍንዳታ ከገደላቸው ግን የሚያስተካክለው የለም። እሷም የራሷ ልጆች አሏት፤ በዩክሬን ደንብ ቢያንስ አንድ ጤነኛ ልጅ የወለደች ካልሆነች ምትክ እናት መሆን አትችልምና።

ደግሞም ምርጫው የናንተ ብቻ አይደለም። በስልክ "ነይ" "ተቀመጪ" እያሉ ነፍሰ ጡርን ከከተማ ከተማ ማመላለስ ውል የሚሰጠው መብት አይደለም። ሴትዮዋ "እናቴን ጥዬ አልሄድም" ካለች አልሄደችም።

ከወለደች በኋላ፦ ልጁን ማን ያወጣዋል?

እዚህም ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ፈላጊዎቹ ራሳቸው ገብተው፣ ልጁን አስመዝግበው፣ ከኤምባሲያቸው ፓስፖርት ወይም እኛ ሊሴ ፓሴ የምንለውን የአንድ ጉዞ ሰነድ ይዘው መውጣት ነው። ሁለተኛው ሌላ ሰው፣ ነርስም ሆነ በጎ ፈቃደኛ ወይም ዘመድ፣ ልጁን ድንበር ድረስ አምጥቶ እንዲያስረክባቸው ነው። ሁለተኛው ፈጣን ይመስላል፤ አደገኛም ነው። ስሙ ወረቀቱ ላይ የሌለ ሰው አራስ ይዞ ድንበር ላይ ሲገኝ፣ በስደተኛ ጎርፍ መካከል ልጅ የሚሰርቁ ሰዎች እንዳሉ የሚያውቅ የድንበር ፖሊስ ሊያስቆመው ይገባል፤ ግዴታው ነው፤ ባያስቆመው ነው የምንከሰው። ስለዚህ ወኪል መላክ ካለባችሁ ወረቀቱ እንዲህ ይሁን፦ የሁለታችሁ ፊርማ ያለበት በውልና ማስረጃ የጸደቀ ውክልና፣ በዩክሬንኛና በእንግሊዝኛ፣ የልጁ ስም ገና ካልወጣ የምትክ እናትየዋ ስምና የወለደችበት ሆስፒታል ተጠቅሶ፣ ከምትክ እናትየዋ የስምምነት ቃል ጋር ተያይዞ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ድንበር ላይ አይበቃም፤ ኦሪጅናሉ ይኑር።

ልጁ ምድር ቤት ውስጥ ሳለ ሳትደርሱለት ብትቀሩስ? ከጦርነቱ በፊትም ፈላጊዎቿ ጥለዋት ዩክሬን ሕፃናት ማሳደጊያ የቀረች ልጅ ነበረች፤ የዩክሬን ዜግነትም የፈላጊዎቿም ዜግነት ሳይኖራት ዓመታት አሳልፋለች። የዩክሬን ሕግ እዚያ ስለተወለደ ብቻ ለውጭ ዜጋ ልጅ ዜግነት አይሰጥምና። በጦርነት ጊዜ እንዲህ ያለ ልጅ የት እንደሚደርስ ደግሞ በሩሲያ ተይዛ የነበረችው የዩክሬን ከተማ ኬርሶን አሳይታለች። በ2022 ከከተማዋ የሕፃናት ማሳደጊያ ትንንሽ ልጆች በሩሲያ ኃይሎች ተወስደዋል። በግንቦት 30 ቀን 2022 የሩሲያ ፕሬዚዳንት ወላጅ አልባ የዩክሬን ልጆች የሩሲያ ዜግነት የሚያገኙበትን መንገድ በአዋጅ አቃለሉ። በመጋቢት 17 ቀን 2023 የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ልጆችን በሕገወጥ መንገድ በማጋዝ ተጠርጥረዋል ብሎ በፕሬዚዳንት ፑቲንና በሕፃናት መብት ኮሚሽነራቸው ላይ የመያዣ ትዕዛዝ አወጣ። እነዚያ ልጆች በሰሮጌሲ የተወለዱ ናቸው አላልኩም። ወረቀቱ ላይ ወላጅ የሌለው ሕፃን በኃይል በተያዘ አካባቢ ሲገኝ ማን "የኔ ነው" እንደሚል ለማሳየት ነው ያነሳሁት። የጄኔቫው አንቀጽ 50 "የግል ሁኔታውን አትለውጥ" የሚለውን ለማስከበር እንኳ መጀመሪያ የተመዘገበ የግል ሁኔታ መኖር አለበት።

ቤታችሁ ያለበት አገር ምን ይላል?

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ። የመውለጃ አገሩን ሕግ አጥንቶ የራሱን አገር ሕግ የሚረሳ ሰው አይጠፋም።

አሜሪካ ላላችሁ መልሱ የሚለየው በዜግነታችሁ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በግንቦት 2021 አሠራሩን ቀይሮ፣ የተጋቡ ወላጆች ልጅ በሰሮጌሲ ውጭ አገር ቢወለድ ከሁለቱ አንዱ የሥጋ ዝምድና ካለው በጋብቻ እንደተወለደ ልጅ ይቆጠራል አለ። ሁለታችሁም ዜጋ ከሆናችሁ ጉዳዩ ቀላል ነው። አንዳችሁ ዜጋ ሌላችሁ ግሪን ካርድ ብቻ ካላችሁ፣ ዜጋው ከልጁ መወለድ በፊት አሜሪካ ውስጥ አምስት ዓመት፣ ከነዚህ ሁለቱን ከ14 ዓመቱ በኋላ፣ የኖረ መሆን አለበት። ስንት ዲሲ ያለ አበሻ ዜግነቱን ባገኘ ማግስት ይህን ሒሳብ ሳያሰላ ይገባበታል! ሁለታችሁም ግሪን ካርድ ብቻ ካላችሁ ልጁ ዜጋ ሆኖ አይወለድም፤ ከጦርነት ቀጣና ለማውጣት የሚሮጥለት ኤምባሲ የላችሁም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ውጭ አገር ያለ ምትክ እናት ጋ ባይሄድ ይሻለዋል፤ ውድ ቢሆንም እዚያው አሜሪካ ውስጥ ይሁን።

እንግሊዝ ያላችሁ ከላይ እንዳልኩት ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። ለማስታወስ የሚጠቅመው በ2008 የታየ ጉዳይ ነው። እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ዩክሬን ውስጥ በባለትዳር ምትክ እናት መንታ ወለዱ። በዩክሬን ሕግ ወላጆቹ እንግሊዛውያኑ ናቸው፤ በእንግሊዝ ሕግ ዩክሬናዊቷና ባሏ ናቸው። ልጆቹ የማንም ሆኑ። ዳኛው ሁኔታውን ሲገልጹ ልጆቹ ያለ አገርና ያለ ወላጅ እንደ ተጣሉ አድርገው ነው ያዩት። ያኔ ጦርነት አልነበረም፤ ስለዚህ ተፈታ። ከዚያ የምትወስዱት ትምህርት፦ ባል የሌላት ምትክ እናት ለእንግሊዝ ነዋሪ በብዙ ትቀላለች፤ የሥጋ አባትየው ከመጀመሪያው ሕጋዊ አባት ሊሆን ይችላልና። ሌላም አለ። ምትክ እናት የምትሰጠው ፈቃድ ከወለደች ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ቢሰጥ ዋጋ የለውም። በጦርነት ስድስት ሳምንት ረጅም ነው፤ ስልኳ ሊዘጋ፣ ቤቷ ሊፈርስ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ልትገኝ ካልቻለች ያለ ፈቃዷ ሊያልፍ ይችላል፤ እንደፈለጋችኋት ማስረዳት ግን የናንተ ሥራ ነው። መልእክቶቹን፣ ደብዳቤዎቹን አትጣሉ።

ጀርመን ላሉ ወገኖች ሁለት ውሳኔ ጎን ለጎን ላስቀምጥ። በ2014 የጀርመን የበላይ ፍርድ ቤት ከካሊፎርኒያ የመጣን የፍርድ ቤት ውሳኔ ተቀበለ፤ ፈላጊዎቹ ወላጅ ናቸው አለ። በ2019 ከዩክሬን የመጣ ልጅ ጉዳይ ሲቀርብለት ግን አልተቀበለም። ልዩነቱ? ከካሊፎርኒያ የመጣው ዳኛ መርምሮ የፈረመው ፍርድ ነው፤ ከዩክሬን የመጣው መዝጋቢ የጻፈው የልደት ወረቀት ነው። ስለዚህ ሚስት የገዛ እንቁላሏ ልጅ ሆኖ ሳለ በጉዲፈቻ እንድትወስደው ተባለች። ለጀርመን ነዋሪ ዩክሬን በሰላሙም ጊዜ ሁለተኛ ምርጫ ነበረች ማለት ነው።

ፈረንሳይና ጣሊያን ያሉት ላይ ብዙ አልቆይም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2019 በሰጠው አስተያየት፣ የፈላጊዋ እናት ግንኙነት በሕግ የሚታወቅበት መንገድ ሊኖር ይገባል፣ በጉዲፈቻም ቢሆን፣ ብሏል። ፈረንሳይ የምትሄድበት መንገድ ይኸው ነው። ጣሊያን ግን በ2024 መጨረሻ ዜጎቿ ውጭ አገር ሄደው ቢያደርጉትም ወንጀል ይሆናል ብላ ደነገገች፤ እስከ ሁለት ዓመት እስርና ከ600,000 እስከ 1 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት። የጣሊያን ዜግነት ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ እዚህ ጋ ዘግቶ ጠበቃ ጋ ይሂድ።

እስራኤል ላሉ ወገኖቻችን ምርጫው ሰፋ ይላል። አገሪቱ ከ1996 ጀምሮ የራሷ ሕግ አላት። ውሉን አስቀድሞ ኮሚቴ ያጸድቀዋል፤ ልጁ ሲወለድ ፈላጊዎቹ ይዘውት የወላጅነት ትዕዛዝ በቀናት ውስጥ ይጠይቃሉ። አገሪቱ ራሷ ጦርነት ውስጥ ብትሆንም ልጁ ድንበር ማቋረጥ የለበትም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውጭ ለሄዱት ደግሞ የ2015ቱ ኔፓል አለ። በሚያዝያ 25 የመሬት መንቀጥቀጡ ካትማንዱን ሲያፈርሳት እስራኤል በምትክ እናቶች የተወለዱ ከሃያ በላይ ሕፃናትን በአውሮፕላን አወጣች። አራሶቹ እናቶች ፍርስራሹ ውስጥ ቀሩ። ዓለም ያንን ፎቶ አይቶ ያነሳው ጥያቄ እስካሁን አልበረደም፤ ኔፓልም በዚያው ዓመት ለውጭ ዜጎች በሩን ዘጋች።

ስለ ኢትዮጵያም የሚጠይቀኝ ሰው አለ፤ ልጁን ቢጫ ካርድ ለማውጣት፣ ለውርስ፣ አንዳንዴም ለአያት ደስታ። የ2000ው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እናትነት የሚረጋገጠው በመውለድ ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባትም የእናቲቱ ባል ነው። በዚህ ዓይን ከታየ የዩክሬኑ የልደት ወረቀት ላይ ያለችው ሚስት አልወለደችም። ወረቀቱ ላይ ምትክ እናት መኖሯ ስለማይጻፍ ብዙዎች ዝም ብለው ያሳልፉታል። እኔ ተርጓሚ ስለሆንኩ የተጻፈውን ነው የምተረጉመው፤ ግን ውርስ ላይ አንድ ክፉ አጎት ዲኤንኤ ሳይሆን የሆስፒታል መዝገብ ያስመጣ ቀን ዝምታው ይሰበራል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የጉዲፈቻ ፍርድ የያዘ ቤተሰብ በዚህ በኩል የተሻለ ማስረጃ አለው።

ገና ላልጀመራችሁ

አገር ስትመርጡ ዋጋና የክሊኒክ ፎቶ ከማየት በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ልጁ ከመወለዱ በፊት ዳኛ ፈርሞበታል ወይ? በዚህ መለኪያ ካሊፎርኒያ ቀዳሚ ናት፤ እርግዝናው ላይ ሳለ ፍርድ ቤት ወላጅነትን ይወስናል። ዋጋዋ ግን ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። ግሪክ ቀጥላ ትመጣለች። ከ2002 ጀምሮ ሽሉ ከመተላለፉ በፊት ፍርድ ቤት ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈላጊዋ ሚስት ልጁ ሲወለድ እናት ተብላ ትመዘገባለች። ሽሉ ሳይገባ ነገሩ ያለቀ ስለሆነ በኋላ መዝገብ ቤት ቢቃጠልም ፍርዱ ሌላ ቦታ አለ። ዩክሬን ርካሽና ፈጣን ናት፤ ነገር ግን ማረጋገጫው ሁሉ የሚመጣው ከወሊድ በኋላ ነው፣ ያ ደግሞ ጦርነት በጣም የሚወደው ክፍተት ነው። ሩሲያ በታኅሣሥ 2022 ለውጭ ዜጎች ከልክላለች፤ ሕንድም ከ2022 ወዲህ ያለ ክፍያ በሚደረግ ሰሮጌሲ ብቻ ወስናዋለች። አንዱ አገር ሲዘጋ ደላላው "አሁን ደግሞ እዚህ ነው" እያለ ወደ ሌላ ይወስዳችኋል። ሕግ ሳይኖረው ክሊኒክ ያለው አገር ከሆነ አትሂዱ፤ ጦርነት ባይመጣ እንኳ በአንድ የካቢኔ ስብሰባ ሊዘጋ ይችላል።

ውሉ ፊታችሁ ሲቀርብ ሦስት ቦታ ላይ እስኪርቢቶ አንሱ። የሚሞቱት እናንተ ብትሆኑስ? ከፈላጊዎቹ ሁለቱም ቢሞቱ ወይም መድረስ ባይችሉ ልጁን የሚረከብ ሞግዚት በስም ይጻፍ፤ እህት ወይም ወንድም፣ ፓስፖርቱ የሚሠራ ሰው። ቀጥሎ፣ ምትክ እናትየዋ ከነልጆቿ ከአደጋ ቀጣና የምትወጣበት ወጪ በማን እንደሚሸፈን፣ ባሏ ማለፍ ካልቻለም አስፈላጊ ፊርማዎቹ አስቀድመው በውልና ማስረጃ ፊት እንዲሰጡ ይጻፍ። ሦስተኛው አንዳንድ ኤጀንሲዎች የሚያስገቡት ዓረፍተ ነገር ነው፦ ሴትዮዋ "በማንኛውም ሁኔታ" አገሩን ለቃ መውጣት እንደማትችል፣ ከወጣችም ክፍያዋ እንደሚቀር የሚል። እሱን ሰርዙት፤ ኤጀንሲው ካልተስማማ ሌላ ኤጀንሲ ፈልጉ።